አሥራ አንድ ርግጫ

አባቷ ሞተር ሳይክሏን «እሜቴ» ነው የሚላት። በዕድሜ ሴት ልጁን እጥፍ የምትበልጥ የእንግሊዝ ሥሪት ናት፤ በእግር ረግጠው ካላስነሷት ንቅንቅ የለም። ከእሱ በቀር ማንም እግሩን አሳርፎባት አያውቅም።

ባለፈው ወር መርገጫው መልሶ መትቶ ጉልበቱን አሳበጠው። ከላቦራቶሪ ሥራዋ እየቀረች፣ ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሐኪም ቤት ያመላለሰችው ልጁ ናት። በዚህ ሳምንት ግን ሞተሯን ሲመኛት ለኖረው ጎረቤታቸው ለበያጁ ቃል ገባ፦ «ቅዳሜ ጠዋት በእግሬ ካላስነሳኋት፣ ያንተ ናት።»

ቅዳሜ ደረሰ። በያጁ ፒካፑን በር ላይ አቁሞ ግድግዳ ተደገፈ። አባቷ ከታንከሩ ሥር ያለውን የቤንዚን መክፈቻ ከፈተና ጫማውን ሊያስር በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አጎንብሶ ሳለ ልጁ በጨርቅ የምትወለውል መስላ መክፈቻውን መልሳ ዘጋችው። ደክሟታል። ሌላ ጉልበት የምትሸከምበት ትከሻ አልቀራትም።

አባቷ ከማስነሳቱ በፊት ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ፣ ቤንዚን ሞልቶ ጣቱን እስኪያርሰው መጫን ልማዱ ነው። ተጫናት። ጣቱን አየት አድርጎ ሱሪው ላይ ጠረገው። ረገጠ። ዝም። ደገመ። ዝም።

«ጋሼ፣ እሜቴ ዛሬ አኩርፈዋል መሰለኝ» አለ በያጁ።

«እንግዳ ፊት መነሳት ነውር ነው ብላ ነው። ዞር በልላት!»

ስድስት። ሰባት። በየርግጫው መሐል የሚያርፈው እየረዘመ፣ ፊቱ እየገረጣ ሄደ። አሥራ አንደኛው ላይ እግሩ ከመርገጫው ተንሸራተተና መቀመጫውን አቅፎ ቀረ።

ከዚያ በላይ አልቻለችም። ተንበርክካ እጇን ወደ መክፈቻው ሰደደች። እጁ እጇ ላይ አረፈ።

«ተይው፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«አውቄያለሁ። ገና ከመጀመሪያው ጣቴ ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልከፈትከውም?»

«እኔም ደክሞኛላ» አላት ቀስ ብሎ። «እኔ እንቢ ከምላት፣ እሷ እንቢ ብትለኝ ይቀላል ብዬ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠና የታመመ እግሩን ዘረጋ። «አሁን ክፈቺውና አንቺ አስነሽያት። በድን አይደለም የማስረክበው።»

ከፈተችው። ቁልፏን ስትጫን ቤንዚን ጣቷን አራሰው። አባቷ በእጁ ምልክት እንዳሳያት መርገጫውን እስኪጠጥር ገፋችና ባላት ጉልበት ሁሉ ረገጠች። ሦስተኛው ላይ እሜቴ እህህ ብላ ሳለች፤ አራተኛው ላይ ግቢውን አናወጠችው።

«አይ እሜቴ!» አለ በያጁ፣ ሳያስበው ከግድግዳው ተላቆ።

አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣት። ኋላ መክፈቻውን በአገጩ አመለከተ።

«በይ አሁን ዝጊው። መኪናው ላይ ስትንገላታ ቤንዚን ታፈሳለች።»

ዘጋችው። ሞተሩ የቀረችውን ቤንዚን ጠጥቶ እስኪጠፋ ሦስቱም ጠበቁ።