በዕጣ የተባሉት ሕሙማን

«ዕጣ?» አሉ ሽማግሌው ሐኪም በስልኩ ውስጥ። «ዕጣ ምን ያደርጋል ልጄ? ጠንከር ያለውን እኔው እያየሁ ዕፅዋቱን አጠጣዋለሁ። ደካማውን በምን አንጀቴ? እሱ የለመደውን ኪኒን ይውሰድ።»

«ጽሑፍዎ ላይ ግን ሕሙማኑ ለዕፅዋቱና ለኪኒኑ በዕጣ ተመደቡ ይላል።»

«እንደዚያ ካልተባለ አይታተምም አሉኝ፤ ጻፍኩት።» ድምፃቸው ውስጥ እፍረትም ቁጣም አልነበረም።

ገምጋሚዋ አመስግና ስልኩን ዘጋች። የበረቱት ሕሙማን ቀድሞውንም መዳናቸው አይቀርም ነበር፤ ምስጋናው ግን ለመድኃኒቱ ሆነ። የሽማግሌውን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ጥናቶችን አሰባስበውና መዝነው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ለኩላሊት ሕመም ይረዳል ያሉት መምህሯ ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሯት፣ እንደ አባት የምታያቸው ሰው። ሐኪም ቤቶች ዛሬም የእሳቸውን ዳሰሳ ይዘው ያዝዛሉ። የእሷ ሥራ ዳሰሳው ምን ያህል እንደሚታመን መመርመር ነበር። እስካሁን ከአጥኚዎቹ ለአሥራ አንዱ ደውላለች። በእርግጥ ዕጣ ያወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ መምህሯ ቢሮ ገባች። የአሥራ አንዱን መልስ የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠቻቸው። አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩት።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ ላይ የዳሰሳውን መለያ ቁጥር ብቻ ልጻፍ። ስምዎ ይቅር።»

«ሲወደስ የኖረ ስም ሲወቀስ አይሸሸግም» አሉ። ቆይተውም፣ «ሽማግሌው ሐኪም ተቆጡሽ?»

«አልተቆጡም። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቅሽኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከመስኮቱ ውጭ ሰዎች እየተጫወቱ ከሥራ ይወጡ ነበር።

«ስንት ቀረሽ?»

«ሃያ።»

«እኩሌታውን ስጪኝ።»

የስም ዝርዝሩን ፊታቸው ዘረጋችላቸው። የመጀመሪያውን ቁጥር መቱ። ከወዲያኛው ጫፍ «ሃሎ» ሲባል ከመቀመጫቸው ተነሡ። ማዕረጋቸውን አልጠሩም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ከዓመታት በፊት እርስዎን ሳልጠይቅ ጥናትዎን ከሚታመኑት የቆጠርኩ ሰው ነኝ።»

ገምጋሚዋ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።