ሕመም የሚለው ቁልፍ

“ልጁ የታለ?” አሉ እማማ ማንጠግቦሽ፣ ገና ከበሩ ሳያልፉ።

ዓይናዲስ ከላፕቶፑ ቀና አለች። “የትኛው ልጅ፣ እማማ?”

“ስልኬ ላይ የሚመልስልኝ ነዋ! ያ ድምፁ የሚያምረው። መልእክት በላክሁ ቁጥር ‘ደርሶናል፣ አይዞዎት’ የሚለኝ። ትንሽ ማር ይዤለት መጣሁ።”

የሚመልሰው ቴሌግራም ላይ ያለው ቦት፣ በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ድምፁ የዓይናዲስ አለቃ የሆነው የአንዷለም ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሆኖ አንድ ጊዜ የቀዳውን ቦቱ ለሁሉም ይደግመዋል።

“የተቀዳ ድምፅ ነው፣ እማማ። የሚመልሰው ማሽን ነው።”

“ማሽንማ አይዞሽ አይልም” ብለው ሳቁ። “ሚስቱ ከልክላዋለች በይኛ! እንግዲያ አንቺ ብይው፤ ከስተሻል።” ማሩን ጠረጴዛው ላይ አኑረው አጠገቧ ተቀመጡ።

ቦቱን ዓይናዲስ የምትሠራበት የእርዳታ ማኅበር ያዘጋጀው ልጆቻቸው በስደት መንገድ ለጠፉባቸው የሰቆጣና የአካባቢው ቤተሰቦች ነው። ባሕር ማዶ ያሉት ልጆች ወሬ ይልኩበታል፤ ቦቱ ስሙን አመሳክሮ ለቤተሰቡ ስልክ ያደርሳል። የእማማ ማንጠግቦሽ ልጅ ምሳው ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

እስካሁን መልእክቱን የሚቀበለው እዚሁ ክፍል ያለ ኮምፒውተር ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ቴሌግራም ተቀባይ ያላገኘውን መልእክት ከአንድ ቀን በላይ አያቆይም፤ የስንቱ ልጅ ወሬ እንዲሁ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ዓይናዲስ ቦቱን ክላውድ ላይ፣ ማለትም ሩቅ ባለ የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ካለ ስትሪም ከሚባል የመልእክት መስመር ጋር ስታገናኝ ሰነበተች። ከእንግዲህ ሰቆጣ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም መልእክቱ እዚያ ገብቶ ተራውን ይዞ ይሰለፋል፣ የሚወስደው እስኪመጣም ይጠብቃል። መግቢያው ተከፍቷል። የቀራት መልእክቱ ለቤተሰቦቹ የሚተላለፍበትን መውጫ መክፈት ብቻ ነበር።

ላኪው ወሬውን ከመላኩ በፊት ከሦስት ቁልፎች አንዱን ይጫናል፦ ደህና፣ ሕመም፣ ሞት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀጥታ ለቤተሰቡ ይተላለፋሉ። ሞት የሚለው ግን ተይዞ ይቆያል፤ ዘመድና ቄስ ተጠርተው፣ ማለዳ እቤት ድረስ ሄደው መርዶውን እንደ ወጉ እንዲነግሩ። ይህን ሐሳብ ስብሰባ ላይ ያቀረበችው እሷ ራሷ ነበረች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ። ቦቱ ከተከፈተ ወዲህ ያን ቁልፍ የነካው ሰው አልነበረም። እሷም በዚህ ተመስገን ትል ነበር።

መልእክቶቹ ሳይቆረጡ መድረሳቸውን ለማረጋገጥ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የመጀመሪያው ጅዳ ያለች ልጅ ናት፤ ሥራ አግኝታለች። ቀጣዩን ከፈተች።

“ደጅይጥኑ ነኝ፣ የምሳው ጓደኛ። ምሳው… ምሳው ትንሽ አሞታል። እናቱ እንዳይሰሙ። አጎቱ ጋሽ የሻምበል ይደውሉልኝ። ሲደውሉ ብቻቸውን አይሁኑ።”

የተጫነው ቁልፍ ሕመም የሚለው ነው።

ደግማ አዳመጠችው። አባቷ የሞቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበረች፤ “አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ” ብለው ነው የጠሯት። በዚህ አገር ማን በስልክ ሞተ ይላል? ያን ቁልፍስ ማን ደፍሮ ይጫነዋል?

እማማ ማንጠግቦሽ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። መውጫውን ብትከፍተው ይህ ድምፅ እዚያው ይደርሳል።

ስልኳ ጮኸ። አንዷለም ነው። “ዓይናዲስ፣ ምነው ዘገየሽ? ክፈችው እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።”

“ሕመም የሚለውንም ልይዘው ነው” አለች በዝቅታ። “ሞት እንደሚለው።”

“እንዴት? በእውነት የታመመስ ቢኖር? ሆስፒታል ተኝቶ ድረሱልኝ የሚል? እሱንም ልናቆየው ነው?”

አጠገቧ ሰው አለ፤ ማብራራት አልቻለችም። “አሞታል ነው የሚሉት፣ ጋሽ አንዷለም። ሁሉም። አሞታል ነው የሚሉት።”

“እስከ ዛሬ ሕመም ብለን ያስተላለፍነውስ?” አለ አንዷለም።

ዓይናዲስ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ማን ይለያቸዋል ታዲያ?” አለ ደግሞ።

“እኔ አዳምጣቸዋለሁ። አንድ በአንድ።”

“ያ ልጅ ነው አይደል?” እማማ ማንጠግቦሽ ክንዷን ያዙት። “ድምፁን ለየሁት! እስቲ ጠይቂልኝ፣ የኔ እናት። የምሳው ወሬ መጥቷል ወይ?”

ዓይናዲስ ስልኩን ዘጋችው። “መስመሩ ገና አልተስተካከለም፣ እማማ። ዛሬ ቤትዎ ይግቡ።”

“ምን በወጣኝ! የእህቴ ልጅ ቤት እዚሁ ከተማ አድሬ እጠብቃለሁ።”

“ቤትዎ ይደሩ። እባክዎ።”

እማማ ማንጠግቦሽ ፊቷን አዩት። አሁን አልሳቁም። ስልካቸውን ወገባቸው ላይ ሸጎጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

“እሺ” አሉ። “ቤቴ አድራለሁ።”

ዓይናዲስ ሕመም የሚለውን ወደ ተያዙት መስመር አዞረችና መውጫውን ከፈተችው። የደህና ወሬዎች ወጡ። ቀጥላ ለጋሽ የሻምበል ደውላ ቢሮ ድረስ እንዲመጡ ነገረቻቸው፤ ሌላ አልጨመረችም። እሳቸውም ማምሻውን መጥተው፣ አጠገቧ ሆነው ለደጅይጥኑ ደወሉ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጋሽ የሻምበል፣ ቄሱና ጎረቤቶቹ የእማማ ማንጠግቦሽን በር አንኳኩ። ዓይናዲስም ከሴቶቹ ኋላ ቆማ አለቀሰች። ረፋዱ ላይ ቢሮዋ ተመልሳ የተያዙትን የሕመም መልእክቶች ማዳመጥ ጀመረች።