ድምፅ ያልገባበት ትምህርት

ባለቤቴን ሁለታችንም በምናስተምርበት የምህንድስና ትምህርት ክፍል ውስጥ «ጋሼ ጠመኔ» ይሉት ነበር። መምህራን ሁሉ ትምህርታቸውን በቪዲዮ ቀርፀው ለተማሪዎች እንዲጭኑ በታዘዘ ጊዜ ሁለታችንም ሥልጠና ገባን። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ሲነጫነጭ ይውላል። በዕድሜው አልታዘዝ ያለው ተማሪ ይህ ማውዝ ብቻ እንደሆነ እየተናገረ ሠልጣኙን ሁሉ ያስቃል።

ብረት ጭነት ሲያርፍበት እንዴት እንደሚጎብጥ የሚያስረዳውን ትምህርት ግን ብቻውን ቀረፀ። እኔ ጣልቃ እንዳልገባ በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ፣ ልብሱ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ነበር።

ብዙም አልቆየም፤ ልቡ ከዳውና ሞተ። የሚያስተምረው ኮርስ ለእኔ ተሰጠኝ።

ቪዲዮውን የከፈትኩት ድምፁን ልሰማ ብዬ ነው። እጁ ይሥላል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ማይክሮፎኑን ሳይከፍተው ነው ያን ሁሉ ያስተማረው።

ወደ አሠልጣኛችን ወሰድኩት። እሷም የእሱ ተማሪ ነበረች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ሞከረች። በመጨረሻ አውልቃ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ጠፍቶ ቢሆን ፈልጌ አመጣው ነበር። ከመጀመሪያውም አልገባም።»

ትምህርቱን እንደ አዲስ እኔው እንድቀርፀው መከረችኝ። እምቢ አልኩ። የምናስተምርባቸው ክፍሎች ጎን ለጎን ስለነበሩ ያን ትምህርት ለዓመታት በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ። በእሱ ምስል ላይ የእኔን ድምፅ እናስገባ አልኳት። ማይክሮፎኑን ከፈተች፤ መከፈቱንም ደግማ አየች።

እጁን እየተከተልኩ ተናገርኩ። መጀመሪያ ብረቱ የሚያርፍበትን ሣለ፣ ቀጥሎ ጭነቱን። ጠመኔው ሲሰበርበት ጠበቅኩት። የጎበጠ ብረት ምሳ የበላ መምህር እንደሚመስል ሊያሳይ ወገቡን ይዞ ሲጎብጥ፣ ቀልዱንም አልዘለልኩትም።

መጨረሻ ላይ ከሰሌዳው ዞረ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ካሜራውን እያየ ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። አጭር ነው። ከትምህርቱ አይደለም።

አሠልጣኟ ወደ ኋላ መልሳ አሳየችኝ። ደግማም አሳየችኝ።

«ምን እያሉ ነው?»

«አላውቅም።»

«እንቁረጠው?»

«ተይው፣ ልጄ።»

ተማሪዎቼ ቪዲዮው መጨረሻው አካባቢ ድምፁ እንደሚቋረጥ ጽፈውልኛል። አዎ፣ እዚያ ላይ ይቋረጣል ብዬ መለስኩላቸው።