ለተኛ ሰው የተሰጠ ቁልፍ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቁልፉ ልጀምር። የቁልፉን ሕግ ያወጣው ባለቤቴ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ ሁሉም አፉን የከፈተው በእኔ ላይ ነው።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በእነሱ ጋራዥ ፈረቃ ሲቀየር የሚወጣው ሾፌር ለሚገባው ቁልፉን በእጁ ያስረክበዋል። ቁልፉን የተረከበ አውቶቡሱን ተረከበ። ከዚያ ወዲያ ጎማ ቢፈነዳ፣ መስታወት ቢሰበር፣ ተሳፋሪ ቢወድቅ ተጠያቂው ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ ሊጥ አቦካለሁ። ጠዋት ቅንድቤ ድረስ ዱቄት ለብሼ እገባና እተኛለሁ፤ እሱ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። እንዲህ እየተቀባበልን ስንኖር በጋው ገባና የሕፃናት መዋያው ተዘጋ። ሞግዚቶቹም ሰው ናቸው፣ ይረፉ። የማያርፈው የእኛ ልጅ ብቻ ነው።

ልጃችንን አለቃ ነው የምንለው። ሁለት ዓመት ገና አልሞላውም፤ በአንድ ጣትና በጥቂት ቃላት ግን ቤቱን ቀጥ አድርጎ ያስተዳድራል። «ና!» ካለ ይመጣል፣ «ሂድ!» ካለ ይኬዳል። ጫማ አድርጉልኝ ይላል፣ ሲደረግለት ያወልቀዋል፣ ስላወለቀው ያለቅሳል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ ስለሚግል ከሰዓት በኋላ ቤታችን ከፋብሪካው ምድጃ የሚለየው ዳቦ ባለመኖሩ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሰሞን «አንተ ያየኸው መስሎኝ»፣ «አንቺ የያዝሽው መስሎኝ» ስንባባል አለቃ ግማሽ ሳሙና በላ። ያን ዕለት ነው ባለቤቴ «እንደ ሥራ ቦታ እናድርገው» ያለው። የግቢውን በር ቁልፍ በቀይ ክር አሰረና አንገቱ ላይ አጠለቀው። ቁልፉ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ልጁ በእጁ ነው፤ ሌላው መተኛት፣ መታጠብ፣ ቢፈልግ መሞት ይችላል። ሲሰጥ «ተረከብሽ?» ይላል፤ እኔ «ተረከብኩ» እላለሁ፤ ተከትዬው ወጥቼ በሩን እቆልፋለሁ። መጀመሪያ ሳቅሁበት። ግን ሠራ፤ እውነት ለመናገር ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ያግባባን ነገር አልነበረም።

የዚያን ቀን የነቃሁት በላብ ተጠምቄ ነው። ቬንትሌተሩ መብራት ጠፍቶ ቆሟል። ስገላበጥ አንገቴን አንዳች ነገር ቆረቆረኝ። ዳበስኩት፤ ክር ነው። ስቤ አወጣሁት፤ ቁልፉ።

መቼ ተረከብኩ? ለማስታወስ ሞከርኩ። እንቅልፍ የሞት ታናሽ ወንድም ነው፤ ማንም ሲቀሰቅሰኝ፣ ማንም ሲያናግረኝ ትዝ አይለኝም። ከዚያ ቤቱ ጭጭ ማለቱን ልብ አልኩ። አለቃ ባለበት ቤት ጭጭ የሚባል ነገር የለም።

«አለቃ!»

አልጋው ሥር የለም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የለም፣ መጋረጃው ኋላ የለም። ወጥ ቤት የቀረው የሽንኩርት ቅርጫቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ገለበጥኩት። በጋ ውሃ ስለሚጠፋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በርሜል ሞልተን እናስቀምጣለን። ወደዚያ ሄድኩ። ክዳኑ እንደተከደነ ነው፤ ልጅ ገብቶ መልሶ እንደማይከድን አውቃለሁ። ቢሆንም ከፈትኩት። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ የበርሜሉን ወለል ዳበስኩ። ይህንን ለጠላቴም አልመኝም።

ግቢ ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የእኛ በር ካልተቆለፈ አይጸናም፤ ቢገጥሙትም ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ያ ሰውዬ እኔን ሳይቀሰቅስ ቁልፉን አንገቴ ላይ አጥልቆ፣ በሩን ሳይቆልፍ ሄዷል። ከፍርሃቴ በፊት ንዴቴ ደረሰ። በባዶ እግሬ ስሮጥ አስፋልቱ ያቃጥለኝ ነበር፤ እኔ ግን የሚቃጠለው ቆሽቴ መስሎኝ ነበር።

ባለሱቋ ከባንኮኒዋ ኋላ በካርቶን ቁራጭ ራሷን እያራገበች ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ልጄን አይተውታል?»

«ከአባቱ ጋር አይደለም እንዴ? ቅድም ከኋላው ከኋላው ሲል አየሁት እኮ!»

«ከኋላው? አባቱ አይቶታል?»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ አባቱማ ሩጫ ላይ ነበር።»

ደወልኩ። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። መሪ ከያዘ ስልክ አያነሳም፤ ለዚህማ ሕግ አክባሪ ነው። ወደ ታች፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጥኩ። መታጠፊያው ላይ የውሃ ቦቴ ቆሟል። ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ወጥቷል፤ ገሚሱ ቀድቶ እየሄደ ነው፣ ገሚሱ ሳይደርሰው አለቀ እየተባለ ይራገማል። ሾፌሩ በሩን ዘጋ። ሞተሩ ተነሳ።

ምን ዝቅ እንዳደረገኝ አላውቅም። ብቻ ዝቅ ብዬ ከመኪናው ሥር አየሁ። ከታንከሩ የሚንጠባጠበው ውሃ በኋላ ጎማዎቹ መሀል ኩሬ ሠርቷል፤ ኩሬው ውስጥ አለቃ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ውሃውን ጧ ጧ ያደርጋል። መንገዱ ላይ ያለው ጥላና ቀዝቃዛ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ልጄ ብልጥ ነው፤ አገኘው።

እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ጩኸቴ ከሞተሩ በልጦ ተሰማ። ቦቴው አንዴ ነቅነቅ አለና ቀጥ አለ። ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ መንገዱ ዳር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሰፊ ትከሻ ያለው ጎልማሳ ነው፤ ከንፈሩ ግን እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል።

«እህቴ፣ በመስታወት አይቻለሁ… በመስታወት አይታይም እኮ… እህቴ…»

እሱን አልተቆጣሁትም። ደረቴን አስፋልት ላይ እየጎተትኩ ገብቼ ልጄን በአንድ እግሩ ሳብኩት። አለቃ ጨዋታው ስለተቋረጠበት ነከሰኝ። ሳቅፈው ነው የእግሩን መዳፍ ያየሁት። ከቤታችን እስከዚያ በዚያ አስፋልት ላይ ባዶ እግሩን ነው የመጣው፤ ሁለቱም መዳፎቹ ውሃ ቋጥረዋል፣ አንዱ ፈርጧል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ጥለው ከበቡኝ። አንዷ «ያንቺ መስሎኝ» ትላለች፤ ሌላዋ «እኔ ደግሞ ያንቺ መስሎኝ» ትላለች። ያ ሁሉ ሰልፈኛ ልጁን አይቶታል፤ እያንዳንዱ ግን ለአጠገቡ ሰው ሰጥቶታል። አንዷ ጀሪካኗን የሞላች እንዲያውም «በጠራራ ፀሐይ የምትተኛ ምን ዓይነት እናት ናት?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ከጎኗ ላለችው።

«ጠዋት የበላሽውን ዳቦ ማን ያቦካው መሰለሽ?» አልኳት። «ሌሊቱን ቆሜ ያደርኩት ላንቺ ነው! ልጄ ጎማ ሥር ሲገባ ቆመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ተኝቻለሁ! ከተኛና ከቆመ ማን ይጠየቃል?»

መልሷን ሳልጠብቅ ልጄን አቅፌ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ።

ክሊኒክ እግሩን አጥበው፣ ቅባት ቀብተው በፋሻ ጠቀለሉለት። ለፋብሪካው ደውዬ አልመጣም አልኩ። ባለቤቴ ሲገባ ፀሐይዋ ገና እየጠለቀች ነበር፤ ከክሊኒክ የላክሁለትን መልእክት መዳረሻው ላይ አይቶ አውቶቡሱን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ መጥቷል። እኔ አለቃን ሳፋው አጠገብ ዱካ ላይ አስቀምጬ፣ ፋሻው እንዳይነካ እየተጠነቀቅኩ ገላውን በሳሙና ውሃ አሻለሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ነጫጭ እግሮች አየ።

«ቁልፉን አንገትሽ ላይ አድርጌልሽ ነው የሄድኩት እኮ» አለ።

ከሁሉ ቃል ይህን መረጠ።

«እናንተ ጋራዥ ለተኛ ሾፌር ቁልፍ ይሰጣል?»

ዓይኑን ከፋሻው ላይ አላነሳም።

«መልስልኛ! አንዱ ሾፌር አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ ቁልፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርገህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ትሄዳለህ?»

«ደክሞሽ ነበር። መቀስቀሱ አሳዘነኝ። ስምሪት ክፍልም ይደውላል፣ አርፍጃለሁ። በሩንም ገጥሜዋለሁ።»

«ገጠምከው፤ አልቆለፍከውም! ቁልፉ እኔ አንገት ላይ፣ እኔ አልጋ ላይ፤ በምን ይቆለፍ? በጸሎት?»

አንገቱን ደፋ። ጥፋቱን ያመነ መስሎኝ ነበር፤ ልቤም ትንሽ ልትራራ ዳድቷት ነበር። ከዚያ የባለሱቋ ነገር ትዝ አለኝ።

«ከኋላህ እየተከተለህ ነበር የመጣው። ባለሱቋ አይታዋለች። እንዴት አልሰማኸውም? ይህ ልጅ ዝም ብሎ ተከትሎ ያውቃል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ምን?»

«'አባ፣ አባ' ሲል ሰማሁት። በሩ ጋ ቆሞ የሚጣራ መሰለኝ፤ ግቢ ውስጥ ሆኖ። ሁልጊዜ ስወጣ እንዴት እንደሚያለቅስ ታውቂያለሽ። ለዚህ ነው ፊቱን ሲያዞር ተደብቄ የወጣሁት። ዞር ስል ካየኝ መላቀቂያም የለው ብዬ… ፈጠን አልኩ።»

ፈጠን አለ። ልጄ በዚያ እሳት ላይ በባዶ እግሩ ተከተለው፣ ጠራው፤ አባቱ ሰማው፣ ፈጠነ። ስድብ አላጣሁም፤ ከእናቴም ከአክስቶቼም የወረስኩት ሞልቶኛል። ግን አንዱም አልበቃኝም። ሳፋውን አንስቼ ከነሳሙና ውሃው ደፋሁበት። በዚያ የውሃ ችግር! ሸሚዙ፣ የደረት ባጁ፣ ጫማው ሳይቀር ራሰ። አልተንቀሳቀሰም። አለቃ እጁን አጨብጭቦ «ድገሚ!» አለ።

ሁለታችንም አልሳቅንም። ያን ማታ ልጁን ሲመግበውም፣ ፋሻው ሲያሳክከው አቅፎ ሲያመላልሰውም አላናገርኩትም። አለቃ አባቱን አልተቀየመም፤ ጢሙን እየጎተተ ተኛ። እኔ ነኝ የተቀየምኩት፤ ለእኔም ለልጄም።

በማግስቱ የመውጫው ሰዓት ሲደርስ ባለቤቴ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ እኔ ጠጋ አለና «ብስኩት ስጪውና በዚያው ልውጣ» አለ፤ በሹክሹክታ።

ጆሮዬን አላመንኩም።

«አይሆንም። ፊቱን አይተህ 'ሄድኩ' ትለዋለህ።»

«ያለቅሳል እኮ።»

«ያልቅስ! እያየኸው ያልቅስ!»

በሩ ጋ ተንበረከከ። «አለቃ፣ አባ ሥራ ሊሄድ ነው። ማታ ይመጣል» አለው። አለቃ የመጀመሪያውን ቃል ሰማ፣ ሁለተኛውን ሰማ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ለቀቀው። የአባቱን ሱሪ በሁለት እጁ አነቀ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ላንቃው እስኪታይ ጮኸ። ጎረቤት መስኮት ከፈተ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ውሰጂልኝ ማለቱ ነው። እጆቼን አጣጥፌ ቆምኩ። የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ አላዘንኩለትም። ራሱ አንስቶ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠው። ሄደ፤ በየእርምጃው እየዞረ እጁን እያውለበለበ። ሲዞር ይብስበታል፣ እሱ ግን ዞረ። ይህን ስላደረገ ላመሰግነው ይገባ ይሆናል፤ አላመሰገንኩትም።

መታጠፊያውን አለፈ። አለቃን አንድ ጊዜ ሳግ ያዘው። አፍንጫውን ትከሻዬ ላይ ጠረገ። አጥሩ ላይ የተጋደመች ድመት አየና ጣቱን ቀስሮ «ሚያው» አለ። ከዚያ ብስኩቱን ጠየቀኝ።

ልቅሶው አልቋል። አንድ ብርቱካን ተልጦ የማያልቅባት ልቅሶ ናት። ልጄ ጎማ ሥር የገባው አባቱ ይህችን ላለመስማት ብሎ ነው። ቆሜ ባዶውን መንገድ አየሁ፤ ንዴቴ ከእግር ጥፍሬ እንደገና ተነሳ፤ የምጮህበት ሰው ግን አልነበረም። አለቃ ብስኩቱን አጋምሶ ግማሹን አፌ ውስጥ ጨመረው፤ ጥርሴን ነክሼ ስለነበር ተሰባብሮ ወደቀ።