ሦስት ሴንቲ ሜትር

ሜትሩን ከደረቷ መሃል አስነስታ በግራ ጡቷ ላይ አሳለፈችና ብብቷ ሥር ሲደርስ ቁጥሩን አነበበች። ሃያ ሰባት። ጠዋት ሃያ አራት ነበር። እንዳላመነችው ስፌት መልሳ ለካችው፤ ያው ሃያ ሰባት። ቀኙ ግን ከጠዋቱ ንቅንቅ አላለም።

ልብስ ሰፊ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ዓይኗ ቢያታልላት እንኳ ሜትሩ አታሏት አያውቅም። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ የበለዘው እስከ ጎኗ ወርዷል፤ ፋሻው በደም ርሷል።

ከትናንት በስቲያ ቀዶ ሕክምናውን ወደሠራላት ክሊኒክ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትንሽ ማበጥ ያለ ነው፣ በረዶ ያዢበት፣ ሰኞ ትታያለሽ ብላት ዘጋችው። በግማሽ ቀን ሦስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይባል እንደሆነ ልትጠይቃት አፏን ከፍታ ነበር።

"እጢውን አጥርተው አላወጡትም ማለት ነው" አለች እናቷ በሩ ላይ ቆማ። ፎጣ ይዛለች። "ተነሺ፣ ታክሲ ጠርቻለሁ።"

እጢ ተገኘብኝ ብላ ለእናቷ የነገረችው ራሷ ናት። እናቷ ያን ሳምንት እህል በአፏ ሳይዞር ሰነበተች፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጸልዩላት ብላ ለመነች። በሁለቱም ጡቶቿ የገባው ግን ማተለቂያ ሲሊኮን ነው። የሰውን ደረት ስትለካና በደብተር ስትጽፍ ኖራ የራሷ ቁጥር አንሶባት ነበር። ሱቅ ውስጥ አብራት የምትሠራው ተረበኛ "አንቺን ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል" ስትላት ከሁሉም ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች።

ታክሲው ውስጥ እናቷ ፎጣውን በሁለት እጇ ተጭና ያዘችላት። እሷ ብርድ ብርድ ይላታል፤ ላብ ግን ያጠምቃታል። ሆስፒታል እስኪደርሱ ፎጣው ቀልቷል።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ እየጠየቀ ይጽፋል።

"ምን መድኃኒት ወስደሻል?"

"የሰጡኝን ብቻ።"

"ሌላስ?"

እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የኔን ኪኒን ሰጥቻታለሁ፣ ልጄ። ለልቤ የምውጣትን አስፕሪን። ሕመሙ ሲያንገበግባት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት እያደረግሁ።"

ሐኪሙ መጻፉን አቆመ። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ፣ ውስጥ የሚደማው አልቆም ያለው በዚህ ሳይሆን እንደማይቀር፣ አሁኑኑ ተከፍቶ መታየት እንዳለበት ነገራቸው። እናቷ የነካችው እንዳቃጠላት ሁሉ እጇን ከፎጣው ላይ አነሳች። ነርሷ ተቀብላ ያዘችው።

"በገዛ እጄ ገደልኳታ" አለች እናቷ ቀስ ብላ።

"አለሁ እኮ፣ እማዬ" አለች፤ ጥርሷ ግን እየተንገጫገጨ ነበር።

ሐኪሙ የቀኙንም ፋሻ ገለጥ አድርጎ አየ። በሁለቱም ሥር አንድ ዓይነት፣ እኩል የተሰፋ መስመር አለ። ልብስ ሰፊም ብትሆን ያን ያህል ማስተካከሏን እንጃ። ሐኪሙ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እናቷን አየ።

"እናቴ፣ አንዴ ውጭ ይጠብቁን" አለ በትሕትና።

ማምለጫ እየሰጣት መሆኑ ገባት። እናቷ ትወጣለች፤ እሷ ለሐኪሙ ብቻ ትናገራለች፤ እጢው እጢ እንደሆነ ይቀራል። እናቷ ግን ያቺን ኪኒን ይዛ ውጭ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። እሷ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሕይወት ባትወጣስ? ነገሩ ከልጇ ውሸት መጀመሩን ሳታውቅ፣ እናቷ ዕድሜ ልኳን ከዚያ አግዳሚ አትነሳም።

እናቷ እንደተቆጡት ልጅ አንገቷን ደፍታ ወደ በሩ ዞረች። እሷ እጇን ዘርግታ እጅጌዋን ያዘቻት።

"ትቆይ፣ ዶክተር" አለች። "እሷም ትስማው።"