ዳኛዋን አሟታል

“ድንጋይ ቢወረውሩባትስ? ማን ከፊቷ ይቆምላታል?”

አሮጊቷ ለራሳቸው እያጉተመተሙ የልጅ ልጃቸውን ጥቁር የዳኝነት ሸሚዝ ይተኩሳሉ። አንገትጌውን ደግመው ደጋግመው ተኮሱት።

አሥር ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ቡድን በሜዳው ሲጫወት ቀርተው አያውቁም። ሌላው ሰው ጨዋታን በጎል ያስታውሳል፤ እሳቸው ግን ዳኛው ላይ በዘነበው ነገር ነው። ዋንጫ የበሉበት ቀን ለእሳቸው “የጫማው” ነው፤ አንዱ ደጋፊ ጫማውን ወርውሮ በአንድ እግር ካልሲ እቤቱ የገባበት። በዝናብ አቻ የወጡበት ደግሞ “የጭቃው”። የመስመር ዳኛው ግንባሩን የተፈነከተበትን ግን ስም አላወጡለትም።

ዛሬ ቡድኑ ከተሸነፈ ወደ ታችኛው ምድብ ይወርዳል። የመሀል ዳኝነቱ ዕጣ የደረሰው ደግሞ በእጃቸው ላሳደጓት ልጅ ነው።

“ታመምኩ በያቸው፣ ልጄ። ትኩሳትሽን ማን ይለካል?” ብለዋት ነበር ጠዋት።

“እማዬ፣ ሸሚዜን እንዳታቃጥይው” ብላቸው ወደ ጓዳ ገባች።

በሩ ተንኳኳ። የቀለም መደብር ያለው የቡድኑ መሪ ነው፤ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሏል።

“ምነው፣ ማን ታመመብን?” አሉት።

“ኧረ ማንም! እኔ እኮ፣ እማማ… ብትታመም ብዬ ነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ተጠባባቂ ዳኛው የኛ ሰው ነው። እሷ ዛሬ ትኩሳት ቢጤ ይሰማት፣ በቃ። ለእሷም አስቤ ነው። ሰዉ ከተናደደ እኔ አልይዘውም።”

የአሮጊቷ ደም ፈላ። ጠዋት ከራሳቸው አፍ የወጣው ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲመጣ እንዴት ያስጠላል!

“አልይዘውም? ማን እንደሚያስወረውር የማላውቅ መሰለህ? አሥር ዓመት ከኋላህ ተቀምጬ አይቼሃለሁ! ‘በለው!’ ብለህ ትጮህና ፖሊስ ሲዞር የጫማህን ክር ታስራለህ!”

“እማማ፣ ቡድናችን እኮ ነው!”

“ቡድኔ ኳስ ይጫወት! ካልቻላችሁ ውረዱ! ደህናዋን ልጅ አልጋ የምታስይዛት አንተ ማነህ? በል ብርቱካንህን ይዘህ ውጣልኝ!”

ሰውየው ፌስታሉን አነሳ። ደፉ ላይ ሲደርስ “በኋላ ግን አልነገረንም እንዳትሉ” አለና ሄደ።

ልጅቷ አንድ እግሯን ብቻ ካልሲ አጥልቃ ከጓዳ ብቅ አለች።

“እሱን አባረርሽው። ግን እኮ፣ እማዬ፣ ጠዋት አንቺም ያልሽኝ ይህንኑ ነው። እና አሁን ምን ልሁን? ልታመም ወይስ ልሂድ?”

የአሮጊቷ ፍርሃት የትም አልሄደም። ሸሚዙን አጣጥፈው ሰጧት። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የመንገዱን አደረጉ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና ሳይኖር ትልቁን ጃንጥላ ከበሩ ጀርባ መዘዙ።

“ሰዓቱ እኮ ገና ነው! ወዴት ነው?”

አሮጊቷ ቀድመዋት ወጡ፤ ደጋፊዎች የሚገቡበትን የግራውን መንገድ ትተውም በቀኝ በኩል፣ ወደ ዳኞቹ በር ታጠፉ።