መሐል የማይሰፍረው ካምቢዮ

ሙደሲር መኪናዋን በሠራበት ዘመን ትርፍ ነገር ያለው ሰው እንቅልፍ አልነበረውም። ትርፍ ቤት ተወርሷል፤ ትርፍ መሬት ተወርሷል፤ ትርፍ ቃል የተናገረማ የት እንደገባ አይጠየቅም። እሱ ግን ምን ዓይነት ልብ እንደተሰጠው እንጃ፣ ከሶማሌ ተራ ጀርባ ባለችው ጋራዡ ውስጥ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪና ይሠራ ነበር።

አካሏን ምናለሽ ተራ ያሉ ቀጥቃጮች ከዘይት በርሜል አውጥተውለታል። ሞተሯ ከተገለበጠ ፊያት የተነቀለ ነው። ቤንዚኑን ለሚለኩሱት ካንዴላዎች እሳት የሚሰጠው ደግሞ እንደ ሌላው መኪና ፑንቲና የሚባለው ትንሽ የብረት መገናኛ ሳይሆን፣ አንድ ኤምባሲ ከጣለው መኪና የወጣ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነበር። ሳጥኑን የገጠሙት ኤሌክትሪሺያኑ ጋሼ ኃይለመለኮት ናቸው። ሽቦ ሲያገናኙ ምላሳቸውን ያወጣሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ይኩራራሉ።

"ፑንቲና ይበላል፣ ይጠቁራል፣ በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ይሄ ግን ሥራ አያስፈታህም" ይላሉ። ቀጥለውም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ባትሪው እስካለ ድረስ ነው እንግዲህ" ይላሉ።

የሙደሲር ምኞት አንድ ነበር። ሚስቱን ሙሚናን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ያቺን መኪና በገዛ እጁ ማርሽ እየቀያየረ ማብረር። ለዚህች ቀን ሲል ከግራሶና ከብረት ጋር ዓመታት አሳልፏል። ሙሚናም "እኔን ለማግባት እንኳን እንደዚህ አልደከምክም" እያለች ትተርበው ነበር። ለዚያች ቀን የምታስረውን የሻሽ ቀለም ግን መርጣ ጨርሳለች።

የቀረው ካምቢዮውን፣ ማርሽ የሚቀይረውን ሳጥን፣ መግጠም ብቻ ነው። ሁለት ነበረው፤ አንዱ ከፊያቱ ጋር የመጣው፣ ፍሪሲዮን እየረገጡ በእጅ የሚቀይሩት፣ ሌላው ከኤምባሲው መኪና የወጣ አውቶማቲክ። ሙደሲር ልቡ ያለው በእጅ በሚቀየረው ላይ ነው። "ማርሹን ራሱ በሚቀይር መኪና ውስጥ ሹፌሩም ተሳፋሪ ነው" ይል ነበር። የእጁን ካምቢዮ አጥቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀመጠው። ሊገጥመው ሲል ጓድ ወልደ ሚካኤል መጡ።

ጓድ ወልደ ሚካኤል የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው። ከአብዮቱ በፊት ሸማ ተራ ጋቢ ይሸጡ ነበር፤ ከአብዮቱ ወዲህ ግን የማያውቁት ነገር ጠፋ። መኪናዋን ዞሯት፤ ኮፈኗን መታ መታ አደረጉ፤ ወንበሮቿን አዩ።

"ሁለት ብቻ?"

"አዎ ጓድ ሊቀመንበር፤ የስፖርት መኪና ስለሆነች ነው።"

"ታዲያ ሰፊው ሕዝብ የት ይቀመጣል?"

መልሱን ራሳቸው ሰጡት፤ ሕዝቡ በዙሪያዋ ይሰለፋል፣ መኪናዋም ለመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓል የቀበሌው ሕዝብ የፈጠራ ውጤት ተብላ ትወጣለች። በዚያች ቅጽበት መኪናዋ የሙደሲር መሆኗ ቀረ። ማንም አልቀማውም፣ ማንም አልተቆጣውም፤ ጭራሽ አጨበጨቡለት። አንጀቱን ያሳረረውም ጭብጨባው ነው።

የካምቢዮው ጉዳይ በቀበሌው አዳራሽ ለውይይት ቀረበ። ካምቢዮ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ ሁሉ ሐሳብ ሰጡ። ሙደሲር እንዲያብራራ ተጠየቀና ተነሣ። የእጁ ማርሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ መሐል ላይ ፎሌ የሚባል ቦታ እንደሚያልፍ፣ እዚያ ላይ ሞተሩ ቢዞርም መኪናው እንደማይነዳ አስረዳ።

ጓድ ወልደ ሚካኤል ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ወዲህም ወዲያም ያልሆነ ቦታ ማለት ነው?"

"እንደዚያ ነው።"

"መሐል ሰፋሪ!" አሉ።

በዚያ ዘመን መሐል ሰፋሪ የተባለ ሰው ቤቱ ላያድር ይችላል፤ ካምቢዮውን ምን ሊውጠው ነው?

"አውቶማቲኩንስ የሚቀይረው ማነው?"

"ራሱ ነው፣ ከውስጥ። ሹፌሩን አይጠይቅም።"

"ከማዕከል ይወሰናል ማለት ነዋ!" ፊታቸው በራ።

አውቶማቲኩም ፎሌ እንዳለው ሙደሲር ያውቃል፤ ይህን ዋጠው። አንድ ነገር ግን ሊውጠው አልቻለም። አውቶማቲክ መኪና ባትሪው ከሞተ ቢገፉት ቢገፉት አይነሣም። ይህን ሊናገር እጁን አወጣ። በዚያው አፍታ ጓድ ወልደ ሚካኤል "አውቶማቲኩን የሚደግፍ?" ብለው ኖሮ እጁ ተቆጠረች። ሠሪው ራሱ ከደገፈ ማን ይቃወማል? በሙሉ ድምፅ አለፈ። በዚያው ስብሰባ አብዮት ወደ ኋላ ስለማይሄድ የኋላ ማርሹ እንዳይገባ ተደርጎ እንዲበየድም ተወሰነ።

መስከረም ሁለት ቀን ሰልፈኛው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ተሰበሰበ። መኪናዋ አበባ በአበባ ሆናለች። ጓድ ወልደ ሚካኤል ድምፅ ማጉያ አስመጥተው ከባትሪዋ ጋር አስገጠሙ፤ ቤንዚን በኩፖን ነውና ሞተሩ እንዲጠፋ አዘዙ። ከዚያም መፈክር ጀመሩ። ፀሐይዋ ከረረች፤ መፈክሩ አላለቀም።

ጋሼ ኃይለመለኮት ወደ ሙደሲር ጠጋ ብለው "አንተ፣ ሰውየው ባትሪውን ጨረሱት እኮ" አሉት።

"ይንገሯቸዋ!"

"እኔ? ልጆች አሉኝ።"

ባለሥልጣናት በተቀመጡበት መድረክ ፊት የማለፍ ተራቸው ደረሰና "አስነሣ!" ተባለ። ሙደሲር ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ጠቅ አለና ዝም። ድጋሚ አዞረ፤ ጠቅ ለማለትም ሰነፈ። የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑም ያለ ባትሪ ባዶ ቆርቆሮ ነው።

መርካቶ አካባቢ መኪና ከቆመ ሰው አይጠራም፤ ኩሊው ሸክሙን ጥሎ፣ ነጋዴው ደንበኛውን ትቶ ለግፊያ ይመጣል። ማንም ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። መኪናዋ እየተገፋች ዳገቱን ተያያዘችው።

"ሁለተኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን ልቀቅ!" ይጮሃል አንዱ ከኋላ።

"ፍሪሲዮን የለውም!" ይላል ሙደሲር መሪውን ይዞ።

"ምን? ማርሹስ?"

"ከማዕከል ነው የሚወሰነው!"

ገፊዎቹ ሳቁም ላባቸውም እያሸነፋቸው መድረኩ ፊት አደረሷት። ከመድረኩ ላይ ከበላይ አካል የመጡት ባለሥልጣን አንገታቸውን አሰገጉ። "ጓድ ወልደ ሚካኤል፣ የሞተር ድምፅ የለም። ምንድን ነው ነገሩ?"

ጓድ ወልደ ሚካኤል ፊታቸው አመድ መሰለ። ሙደሲርም ወንበሩ ላይ ዝቅ አለ፤ ጥፋቱ በማን እንደሚላከክ ያውቃላ። ሊቀመንበሩን ግን ምላሳቸው ቀድሞ አዳናቸው። "ነዳጅ አትጠቀምም ጓድ! የምትንቀሳቀሰው በሰፊው ሕዝብ ኃይል ነው!"

ባለሥልጣኑ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አደባባዩም ተከተላቸው። ቀበሌው ባንዲራ ተሸለመ። መመሪያም ወረደ፤ መኪናዋ በየዓመቱ እየተገፋች ትውጣ፣ ለሚገፋው ሕዝብ እንዲቀልለትም ሞተሯ ይነቀል፤ የተነቀለውን ሙደሲር በገዛ ወጪው ወስዶ ይጣል።

ሙደሲር ብሎኖቹን እየፈታ መኪናዋ ሥር ተኝቶ አለቀሰ። ያችን ቀይ ገላ የት ያገኛታል? ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ ቤት ሲደርስ ሙሚና አልጋው ሥር ገብታ የእጁን ካምቢዮ እየጎተተች አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችው።

"ዓይን የሚገባ ነገር ሠራህ፣ ዓይን ገባ" አለችው። "አሁን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሥራ።"

ዝገት የበላው፣ በሩ በሽቦ የታሰረ አሮጌ ታክሲ ተገኘ፤ የተነቀለው ሞተርና የእጁ ካምቢዮ ተገጠሙለት። ሙደሲር ቀለም ሊቀባው ሲል ሙሚና ብሩሹን ቀማችው። ጋሼ ኃይለመለኮትም የኤሌክትሮኒክስ ሳጥናቸውን ኪሳቸው ከትተው ፑንቲና ይዘው መጡ። "ቢጠቁር ይፈገፈጋል፤ ባትሪው ቢደክምም ከግፊያ ጋር ይስማማል" አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያሉት ይመስል።

ሙደሲር መኪናውን ከጋራዥ ባወጣበት ጠዋት ጓድ ወልደ ሚካኤል መንገድ ላይ አዩት። "ይሄን ቆሻሻ ከሰፈራችን አርቅልን!" አሉት።

"እሺ ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁኑኑ!" አለ ሙደሲር። እንዲህ ደስ እያለው ትእዛዝ ፈጽሞ አያውቅም።

ከሙሚና ጋር ቃሊቲን አልፈው የደብረ ዘይቱ መንገድ ሲዘረጋ ፍሪሲዮኑን ረገጠና ማርሽ ጨመረ፤ ደግሞ ጨመረ። ዝገቱ ተንኳኳ፤ ሞተሩ ዘፈነ። የሙሚና ሻሽ በተሰበረው መስኮት ወጥቶ ይውለበለባል፤ እሷም እንደ ሕፃን ትስቃለች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙደሲር ማርሹን ሳብ አድርጎ ፎሌ ለቀቀው።

"ምን አደረግክ? ድምፁ ጠፋ" አለችው።

"መሐል ሰፈርኩ" አላት።

መኪናው በራሱ ወረደ። ማንም አልገፋቸውም።